በጆሮ የሚፈለግ ብረት

ጁላይ 26 ቀን 1881፣ ዋሽንግተን (ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ጥይት በሰውነታቸው ይዘው አልጋ ላይ ከዋሉ ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል። ቻርልስ ጊቶ የተባለ ሰው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ከኋላቸው ሁለት ጊዜ ተኩሶባቸው ነበር። አንዱ ጥይት ክንዳቸውን ጭሮ አለፈ፤ ሌላው ጀርባቸው ውስጥ ገብቶ የደረሰበት ጠፋ። ራጅ ገና አሥራ አራት ዓመት ይቀረዋል። ሐኪሞቹ ያላቸው ጣትና ቀጭን ዘንግ ብቻ ስለነበር ቁስሉን በዚያ ይጎረጉራሉ፤ በጎረጎሩት ቁጥር ቁስሉ ይመረቅዛል።

በዚያ ምሽት ወደ ዋይት ሐውስ የገባው ሰው ሐኪም አልነበረም። ከአምስት ዓመት በፊት ስልክን ያስመዘገበው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነበር። ይዞት የመጣው መሣሪያ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች፣ ባትሪና የስልክ ማዳመጫ ያሉት ነው። ጥቅልሎቹ በሚዛን ሲቀመጡ ማዳመጫው ዝም ይላል፤ ብረት ሲቀርባቸው ሚዛኑ ይዛባና ድምፅ ይሰማል። ቤል መሣሪያውን ጥይት በተደበቀበት ሥጋ ላይ ሞክሮታል፤ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጀምሮ ጥይት በገላቸው ይዘው በሚኖሩ የቀድሞ ወታደሮች ላይም ሞክሮታል። ሠርቷል።

ፕሬዚዳንቱ ላይ ግን አልሠራም። የመጀመሪያው ምሽት ማዳመጫው ብቻውን ሲንጫጫ አመሸ፤ ኋላ ሲታይ አንዱ የመሣሪያው ክፍል በተሳሳተ መንገድ ተያይዞ ነበር። ኦገስት 1 ቀን ቤል ተመልሶ መጣ። አሁን ደከም ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ነገር ግን ድምፁ ከአንድ ነጥብ ሳይሆን ከሰፊ ቦታ ነው የሚመጣው። ምክንያት ሊሆን የሚችል ነገር በማግስቱ ታወቀ፤ ፕሬዚዳንቱ ከተኙበት ፍራሽ ሥር በብረት ሽቦ የተሠራ ሌላ ፍራሽ ነበር። በዚያ ላይ ዋናው ሐኪም ዶክተር ዊላርድ ብሊስ ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብለው ስላመኑ ቤል በዚያው በኩል ብቻ እንዲፈልግ ተደረገ። ጋርፊልድ ሴፕቴምበር 19 አረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር ጥይቱ ከአከርካሪው በስተግራ ተገኘ።

ይህን ታሪክ የመሣሪያው ውድቀት አድርገው የሚተርኩ አሉ። የወደቀው መሣሪያው አይደለም። መሣሪያው ከሥሩ ብረት እንዳለ ሳይናገር አልቀረም፤ የትኛው ብረት እንደሆነ መለየት የሚችል ጆሮ ግን ያኔ ገና አልተማረም። ዛሬም ቅዳሜ ጠዋት በሰፈሩ ፓርክ አዲስ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ የሚወጣ ጀማሪ የሚጀምረው ቤል ከቆመበት ቦታ ነው። ሣሩ ላይ መሣሪያውን ባወዛወዘ ቁጥር ይጮህበታል፤ ሀብት ያገኘ መስሎት ልቡ ይዘላል፤ ከብዙ ቁፋሮ በኋላ የጮኸው የራሱ ጫማ አፍንጫ ላይ ያለው ብረት መሆኑ ይገባዋል።

የአሠራሩ መሠረት ከቤልም በፊት የነበረ ነው። ጀርመናዊው ፊዚክስ አዋቂ ሃይንሪሽ ዶቭ በ1840ዎቹ የሁለት ጥቅልሎችን ሚዛን አሳይቷል፤ ዴቪድ ሂዩዝ በ1879 ከስልክ ማዳመጫ ጋር አዋሕዶታል። የዛሬውም መሣሪያ ከዚያ ብዙ አልራቀም። አንዱ ጥቅልል በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል፤ መስኩ ያገኘው ብረት በውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሽክርክሪት ይፈጠርበታል፤ ያ ሽክርክሪት የራሱን ደካማ መስክ መልሶ ይልካል፤ ሁለተኛው ጥቅልል ያን ይሰማል። መልሱ ምን ያህል እንደዘገየና እንደበረታ ስለ ብረቱ ዓይነት ፍንጭ ይሰጣል። ፍንጭ ብቻ።

ነገሩን ከሐኪም ቤት ወደ ሜዳ ካወጡት አንዱ በካሊፎርኒያ የኖረው ጀርመናዊ ስደተኛ ጌርሃርድ ፊሸር ነው። ፊሸር አውሮፕላኖች በራዲዮ ሞገድ አቅጣጫቸውን የሚያውቁበትን መሣሪያ ይሠራ ነበር። መሣሪያው የብረት ሕንፃዎችና ማዕድን ያለበት መሬት አጠገብ ሲደርስ ይሳሳታል። ሌላ ሰው ቢሆን ስህተቱን ለማጥፋት ይታገል ነበር፤ ፊሸር ስህተቱን ራሱን ሥራ አደረገው። በ1931 ድርጅት አቋቋመ፤ የፈጠራ መብቱንም በ1937 አገኘ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። አገሩ በጀርመን ስትያዝ ወደ ስኮትላንድ የተሰደደው የፖላንድ ጦር መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ በ1941 ሴንት አንድሩስ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ አንድ ወታደር ብቻውን ተሸክሞ የሚራመድበትን ፈንጂ መፈለጊያ ሠራ። ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ጥቅልሎች፣ ጆሮ ላይ ማዳመጫ ነበረው፤ ክብደቱ ወደ 14 ኪሎ ይጠጋል። በኦክቶበር 1942 ለኤል አላሜይን ውጊያ 500 ያህሉ ወደ ግብፅ በረሃ ተላኩ። ፈንጂ የሚያጸዳ ወታደር በሰዓት 100 ሜትር ይራመድ የነበረው 200 ሜትር መራመድ ቻለ። ኮሳትስኪ ለፈጠራው ገንዘብ አልተቀበለም። ቤተሰቡ በጀርመን በተያዘችው ፖላንድ ስለነበር ስሙ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ በምስጢር ተያዘ፤ ከንጉሥ ጆርጅ 6ኛ የምስጋና ደብዳቤ ደርሶታል።

ለኢትዮጵያውያንም ይህ መሣሪያ መጀመሪያ የሚያስታውሰው መዝናኛን አይደለም። ከ1998 እስከ 2000 ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በድንበሩ አካባቢ ያሉ እርሻዎችና የግጦሽ መሬቶች ፈንጂ ተቀብሮባቸው ቀሩ። መንግሥት በ2001 የማጽዳቱን ሥራ የሚመራ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ማዳመጫ አድርጎ መሬቱን በስንዝር እየለካ የሚሄድ ፈንጂ አምካኝ እና ፓርክ ውስጥ የጠፋ ሳንቲም የሚፈልግ ሰው የሚሰሙት አንድ ዓይነት ድምፅ ነው። አንዱ ሲሳሳት የሚያወጣው ቆርኪ ነው፤ ሌላው ሲሳሳት እግሩን ያጣል። ይህ ልዩነት መሣሪያውን እንደ መጫወቻ ላነሳ ሰው ሁሉ ሊነገረው የሚገባ ይመስላል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የተረፉት መሣሪያዎች በርካሽ ተሸጡ፤ አንዳንድ ሰዎችም ገዝተው እርሻና የባሕር ዳርቻ ላይ ማወዛወዝ ጀመሩ። ሆኖም 14 ኪሎ ተሸክሞ መዝናናት ለብዙ ሰው አይሆንም። ነገሩን የሕዝብ ያደረገው ትራንዚስተር ነው። በ1960ዎቹ መሣሪያው ቀለለ፣ በትንሽ ባትሪ መሥራት ቻለ፣ ዋጋውም ወረደ። ቻርልስ ጋሬት ዛሬ በየአየር ማረፊያው በር ላይ ስሙ የሚታየውን ድርጅት በ1964 ቴክሳስ ውስጥ መሠረተ። በ1970ዎቹ ውስጥ በአሜሪካና በእንግሊዝ ቅዳሜና እሑድ በየፓርኩ መሬት መሬቱን እያዩ የሚሄዱ ሰዎች የተለመዱ ሆኑ።

ለምን ፓርክ? ፓርክ ሰው የሚቀመጥበት፣ የሚንከባለልበት፣ ልጅ የሚያባርርበት ቦታ ነው። ሣር ላይ ጋደም ሲሉ ከኪስ ሳንቲም ይወድቃል፤ ኳስ ሲቀበሉ ከጣት ቀለበት ይወጣል። አንድ የከተማ ፓርክ መቶ ዓመት ከኖረ ከመቶ ዓመት ኪሶች የወደቀውን ይዟል፤ አስፋልትም አልለበሰበትም። በዚያ ላይ ሣሩ አጭር ነው፣ መሬቱ ለጥ ያለ ነው፣ አግዳሚ ወንበር አለው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከአረማመድ ነው። ጥቅልሉ ከሣሩ ሳይርቅ፣ ሣሩንም ሳይመታ፣ ወለል እንደሚጠርግ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጀማሪ ሁሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ክንዱን ወደ ላይ ያነሳል፤ ባነሳ ቁጥር ከሥሩ ያለው መሬት ሳይፈተሽ ይቀራል። እያንዳንዱ ጥርጊያ የፊተኛውን ግማሽ መደረብ አለበት። ሳንቲም የሚያክል ነገር ከአንድ ስንዝር ብዙም ጠልቆ ከተቀበረ አብዛኛው መሣሪያ አይሰማውም፤ ስለዚህ የሚቸኩል ሰው ጥልቁን ያጣል። መሬቱም የራሱ ድምፅ አለው። ብረት አዘል አፈር ባዶ ሆኖም ስለሚያንጎራጉር መጀመሪያ መሣሪያውን ከመሬቱ ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። የባሕር ጨውም እንዲሁ ያሳስተዋል።

ከዚያ ጆሮ ይማራል። በተለመዱት መሣሪያዎች ሚስማር ዝቅ ያለ፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰጣል። መዳብና ብር ቀጭን፣ ከፍ ያለ ድምፅ አላቸው። በመካከል ያለው ሰፈር አስቸጋሪ ነው፤ የሲጋራ ፓኮ ፎይል፣ የቢራ ጣሳ መክፈቻ ቀለበትና የወርቅ ቀለበት በአንድ ቃና ይናገራሉ። ምንም ያህል ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ ይህን ሙሉ በሙሉ አልፈታውም። የጣሳ ቀለበት አልቆፍርም ያለ ሰው ወርቁንም እንዳለፈው ሊቆጥር ይገባል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ጀማሪን ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሰማኸውን ሁሉ ቆፍር የሚሉት ለዚህ ነው፤ ድምፅና ዕቃ በአእምሮ የሚጋቡት በመቆፈር ብቻ ነው።

ያ የጣሳ ቀለበት ራሱ ታሪክ አለው። ኤርማል ፍሬዝ የተባለ የኦሃዮ ሰው ጣሳን ያለ መክፈቻ የሚከፍት፣ ተስቦ የሚነቀል ቀለበት ሠራ፤ በ1963 የፈጠራ መብት አገኘበት። ሰዎች ቀለበቱን ነቅለው በቆሙበት ይጥሉት ጀመር። በየፓርኩና በየባሕር ዳርቻው እግር የሚቆርጥ ቆሻሻ ሆነ። በ1975 ዳንኤል ኩድዚክ ከጣሳው የማይላቀቀውን፣ ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት አወጣ፤ የሚነቀለውም ቀስ በቀስ ከአሜሪካ ገበያ ጠፋ። ስለዚህ የሚነቀል ቀለበት የወጣበት የአሜሪካ ፓርክ አፈር በ1960ዎቹና 70ዎቹ ሰው የተቀመጠበት መሆኑን ይናገራል። ጀማሪው በንዴት ወደ ከረጢቱ የሚወረውረው ቆሻሻ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ያህል ነው።

ሳንቲሞችም እንደዚሁ ዘመናቸውን በድምፅ ያስታውቃሉ። የአሜሪካ አሥር ሳንቲምና ሩብ ዶላር እስከ 1964 ድረስ 90 በመቶ ብር ነበሩ፤ በ1965 የወጣው ሕግ ብሩን አስቀረው። አንድ ሳንቲሟም እስከ 1982 በአብዛኛው መዳብ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ መዳብ የተቀባ ዚንክ ሆነች። ዚንኳ መሬት ውስጥ ትበላላለች፤ ቃናዋም ከአሮጊቷ እህቷ ይወርዳል። ጆሮው የሠለጠነ ሰው ሣሩን ሳይነካ የትኛዋ እንደሆነች መገመት ይጀምራል።

መቆፈሩ የመጨረሻው ትምህርት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሣሩ በሦስት ጎን ይቆረጥና እንደ ክዳን ይገለበጣል፤ በአራተኛው ጎን ሥሩ ሳይቆረጥ ይቆያል። አፈሩ በጨርቅ ላይ ይወጣል፣ ዕቃው ይነሳል፣ አፈሩ ይመለሳል፣ ክዳኑ ይዘጋል፣ በእግር ይረገጣል። ጉድጓድ ክፍት ትተው የሄዱ ሰዎች ብዙ የከተማ ፓርኮች ለፈላጊዎች ሁሉ እንዲዘጉ ምክንያት ሆነዋል። በእንግሊዝ የአካባቢ ፓርክ ላይ ለመፈለግ የባለቤቱን፣ ብዙ ጊዜም የማዘጋጃ ቤቱን ፈቃድ መያዝ ግዴታ ነው። በአሜሪካ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በሚያስተዳድረው መሬት ላይ ደግሞ ክልክል ነው። ይህ በዋሽንግተን ለሚኖሩ ሐበሾች ማወቅ የሚገባቸው ነገር ነው፤ ብዙዎቹ በእግር የሚንሸራሸሩበት ሜሪዲያን ሂል ፓርክም ሮክ ክሪክም በዚያ አገልግሎት ሥር ናቸው። ጋርፊልድ የተመቱበት የባቡር ጣቢያ ቦታ ላይ ዛሬ የብሔራዊ ሥነ ጥበብ ጋለሪ ቆሟል፤ በዙሪያው ያለው ሜዳም እንዲሁ አይነካም።

ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1970ዎቹ በእንግሊዝ ፈላጊዎች ሲበዙ አርኪዮሎጂስቶች ደነገጡ። በ1979 የወጣ ሕግ በተጠበቁ ጥንታዊ ቦታዎች ላይ ያለ ፈቃድ በመሣሪያ መፈለግን ከለከለ፤ በ1980 ያለፈ ዘመናችንን መውሰድ ይቁም የሚል ዘመቻ ተነሳ። ፈላጊዎቹም በ1981 የራሳቸውን ብሔራዊ ምክር ቤት አቋቁመው መለሱ። ሁለቱ ወገኖች ለዓመታት ተቀያየሙ። አርኪዮሎጂስቶቹ የከፋውን ያዩት በሰሪ አውራጃ ዋንቦሮ በተባለ ቦታ ነው። የሮማውያን ዘመን ቤተ መቅደስ እዚያ መኖሩ ሲሰማ በ1980ዎቹ አጋማሽ ዘራፊዎች በሌሊት መጥተው ብዙ ሺህ ሳንቲሞች አወጡ። ሳንቲሞቹ በየገበያው ተበተኑ። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደነበረ፣ ለመሥዋዕት የቀረበ ይሁን ለደኅንነት የተቀበረ፣ ማንም አይነግረንም። የዋንቦሮ ቁጭት ለ1996ቱ የቅርስ ሀብት ሕግ መነሻ ሆኗል።

ይህ ቁጭት ለእኛ እንግዳ አይደለም። አክሱም ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም ትመታ ነበር፤ በንጉሥ ዒዛና ዘመን በሳንቲሙ ላይ የነበረው ጨረቃ በመስቀል ተተካ። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ የከተማዋን ዙሪያ አፈር ያጥባል፤ ልጆችና ገበሬዎችም ሳንቲሞቹን ከማሳ ይለቅማሉ። ለቱሪስት የተሸጠች አንዲት ነሐስ ሳንቲም የንጉሡን ስም ትነግረናለች። ከየትኛው ማሳ እንደወጣች፣ አጠገቧ የሸክላ ስባሪ ይሁን የቤት መሠረት እንደነበረ ግን ከተሸጠችበት ቀን ጀምሮ ጠፍቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ለመፈለግና ለመቆፈር ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዛል። ዛሬ ባህላዊ ወርቅ አምራቾች ብረት መፈለጊያ ይዘው በሚንቀሳቀሱበት ዘመን ይህ አዋጅ ከወጣበት ጊዜ ይልቅ አሁን ያስፈልጋል።

የአርኪዮሎጂስቶችና የፈላጊዎች ጠብ እንዴት ሊበርድ እንደሚችል ያሳየው የአሜሪካ ሜዳ ነው። በሞንታና በሊትል ቢግሆርን በ1876 የሌተና ኮሎኔል ኩስተር ጦር በላኮታና በሻየን ተዋጊዎች ተደምስሷል። በነጮቹ በኩል ከኩስተር ጋር ከቆመው ክፍል የተረፈ ስላልነበረ የውጊያው አካሄድ መቶ ዓመት ሲያከራክር ኖረ። በ1983 የሣር ቃጠሎ ሜዳውን ገለጠው። በቀጣዩ ዓመት አርኪዮሎጂስቶቹ ዳግላስ ስኮትና ሪቻርድ ፎክስ ያልተለመደ ነገር አደረጉ፤ በመሣሪያ የመፈለግ ልምድ ያላቸውን በጎ ፈቃደኞች ጠሩ። ፈላጊዎቹ በመስመር ተሰልፈው ተራመዱ። ድምፅ በተሰማበት ሁሉ ምልክት ተተከለ፤ ዕቃው ቦታው ሳይመዘገብ አልተነሳም።

የተገኙት የጥይት ቀለሆች ወደ ቤተ ሙከራ ሄዱ። እያንዳንዱ ጠመንጃ ቀለሀ ላይ የራሱን ምት ስለሚተው፣ ፖሊስ የወንጀል መሣሪያን እንደሚለይ፣ አንድ ጠመንጃ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ መከተል ተቻለ። የላኮታና የሻየን ተዋጊዎች ብዙ ተደጋጋሚ ተኳሽ ጠመንጃዎች እንደነበሯቸው፣ የኩስተር ሰዎችም አሰላለፍ እንደፈረሰ ታየ። የተዋጊዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ሲተርኩት የኖሩት፣ ብዙ ጸሐፊዎች ያልሰሙት ቃል፣ ከመሬት ምስክር ወጣለት። ከዓድዋ ተራራ ሥር የተነሳች አንዲት ቀለሀ ከውጅግራ ትሁን ከጣሊያን ጠመንጃ አዋቂ ሊለያት ይችላል። ማን የት ቆሞ ተኮሰ የሚለውን ግን የምትመልሰው ያረፈችበት ቦታ ከተጻፈላት ብቻ ነው።

በእንግሊዝ ደግሞ በኖርፎክ አውራጃ ባርባራ ግሪንና ቶኒ ግሪጎሪ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈላጊዎችን ከማባረር ይልቅ ወደ ሙዚየም ጋብዘው ያገኙትን ይመዘግቡ ነበር። በ1997 ይኸው መንገድ የተንቀሳቃሽ ቅርሶች ምዝገባ ተብሎ በመንግሥት ተጀመረ፤ ዛሬ መዝገቡ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ዕቃዎችን ይዟል። ከዕቃዎቹ የሚበዙት ዘለበት፣ ቁልፍ፣ ያረጀ ሳንቲም ናቸው። ቦታቸው ግን ተጽፏል።

ለዚህ ስምምነት መንገድ ከጠረጉት አንዱ የጡረታ ሰው ነው። ኤሪክ ላውስ ጡረታ ሲወጣ ብረት መፈለጊያ በስጦታ ተሰጥቶት ነበር። ኖቬምበር 16 ቀን 1992 በሰፎክ አውራጃ፣ ሆክስን በምትባል መንደር፣ የገበሬው ወዳጁ መዶሻ ማሳ ውስጥ ስለጠፋ ሊፈልግለት ወጣ። መሣሪያው ጮኸ። ላውስ ቆፈረ፤ የብር ማንኪያዎችና የወርቅ ሳንቲሞች ወጡ። ከዚያ ያደረገው ነገር ስሙን ያስከበረ ነው፤ መቆፈሩን አቆመና ለፖሊስና ለአውራጃው ምክር ቤት አስታወቀ። አርኪዮሎጂስቶች በማግስቱ መጥተው የቀረውን ከነአፈሩ አወጡት። በዚህም የተነሳ ሀብቱ በእንጨት ሣጥን ውስጥ እንደተቀበረ፣ በውስጡም በትናንሽ መያዣዎች ተለይቶ እንደተደረደረ ማወቅ ተቻለ። ሳንቲሞቹ 14,865 ሆኑ፤ 569 ወርቅ፣ 14,272 ብር፣ 24 ነሐስ። የመጨረሻዎቹ በ407 እና በ408 የተመቱ በመሆናቸው ባለቤቶቹ የቀበሩት የሮም አስተዳደር ከብሪታንያ በሚወጣበት ዘመን አካባቢ መሆኑ ታወቀ። ላውስ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለው፤ ከገበሬው ጋርም ተካፈለ።

መዶሻውም ኋላ ተገኘ። ከወርቁና ከብሩ ጋር ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄዷል።